የሁለት ጓደኛሞች ኮሜዲ ፊልም፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተመልካቾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠባያቸው የማይገጥም ሁለት ወንዶች ሳይወዱ በግድ ለአንድ ጉዳይ አብረው ይነሣሉ፤ መንገዱን ሙሉ ይነታረካሉ፣ አንድ ቀን ክፉኛ ይጣላሉ፣ ከዚያ ይታረቃሉ፣ ፊልሙም ያልቃል። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያደገ የድሬዳዋ ወይም የሐረር ልጅ የዘውጉን ስም ባያውቅ እንኳ ታሪኩን ያውቀዋል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከተመልካቾችና በሁለቱ ከተሞች የፊልም ጽሑፍ ከሚሞክሩ ወጣቶች የሚነሡ ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ወንዶች ያሉበት አስቂኝ ፊልም ሁሉ የሁለት ጓደኛሞች ኮሜዲ ነውን?

አይደለም። ልዩነቱ ያለው ተመልካቹ መልሱን ለማወቅ በሚጓጓለት ጥያቄ ላይ ነው። በፍቅር ፊልም «ይጋቡ ይሆን?» እያልን እንደምንጠብቅ ሁሉ፣ በዚህ ዘውግ የምንጠብቀው «እነዚህ ሁለት ሰዎች ይስማሙ ይሆን?» የሚለውን ነው። የጠፋው ገንዘብ መገኘቱ፣ ወንጀለኛው መያዙ፣ ከሠርጉ በሰዓቱ መድረሳቸው፣ ይህ ሁሉ ለጓደኝነቱ መፈተኛ ሆኖ የገባ ነው። አንድ ፊልም የዚህ ዘውግ መሆኑን ለመለየት ከሁለቱ አንዱን በሐሳብ ከታሪኩ ማውጣት ይበቃል፤ ታሪኩ ያለ እርሱ መቀጠል ከቻለ ያ ሰው አጃቢ ነበር እንጂ ጥንድ አልነበረም። በብዙ የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲዎች ውስጥ የምናገኘው የዋናው ተዋናይ ቀልደኛ ጓደኛ በዚህ መለኪያ አይቆጠርም፤ የፍቅሩ ታሪክ ሲረዝም ተመልካቹን ለማሳረፍ የገባ ነውና።

አንዱ ቀልደኛ ሌላው ኮስታራ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሳቁ በአብዛኛው የሚመጣው ከቀልደኛው ንግግር ሳይሆን ከኮስታራው ፊት ስለሆነ ነው። ቀልደኛው ብቻውን ቢሆን የሚያደርገው ነገር እብደት ይመስላል፤ አስቂኝ የሚሆነው ከአጠገቡ ቆሞ የሚታዘበው፣ በእርሱ የሚያፍርና የሚናደድ ሰው ሲኖር ነው።

ይህ አደረጃጀት ከሲኒማ በፊት በመድረክ ላይ የነበረ ሲሆን፣ በፊልም ዓለም በሰፊው ያስለመዱት ከ1927 ጀምሮ ጥንድ ሆነው የሠሩት እንግሊዛዊው ስታን ሎሬልና አሜሪካዊው ኦሊቨር ሃርዲ ናቸው። በ1932 የወጣውና የኦስካር ሽልማት ያገኘው «ዘ ሚዩዚክ ቦክስ» የተባለው አጭር ፊልማቸው ዛሬም እንደ ትምህርት የሚታይ ነው። ሁለት ሠራተኞች አንድ ፒያኖ ይዘው ረጅም የድንጋይ ደረጃ ይወጣሉ፤ ፒያኖው ደጋግሞ ከእጃቸው እያመለጠ ቁልቁል ይወርዳል፤ በስንት መከራ ከላይ ከደረሱ በኋላ አንድ ፖስተኛ በሌላ በኩል የጋሪ መንገድ እንዳለ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ፒያኖውን እስከ ታች መልሰው ያወርዱና በመንገዱ ይዘውት ይወጣሉ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ሁለቱም ሞኞች መሆናቸው ነው። ወፍራሙ ሃርዲ ከቀጭኑ ሎሬል የሚለየው ራሱን እንደ ብልህ በመቁጠሩ ብቻ ነው። ኮስታራ ገጸ ባሕርይ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው፤ ኮስታራውን እውነትም ትክክለኛ አድርጎ ይጽፈዋል። ኮስታራው ትክክል መሆን የለበትም፤ ትክክል የሆነ ሊመስለው ግን ይገባል።

በአገራችንም ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ሆነው በቴሌቪዥን ሲቀርቡ ያየ ሰው፣ አንዱ ሲናገር ዓይኑ ወደ ሌላው ይሄድ እንደነበር ያስታውሳል።

መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል። እንዲህ ያለ ፊልም ደካማ አይደለምን?

የታሪኩ መንገድ የተለመደ መሆኑ ብቻውን ፊልሙን ደካማ አያደርገውም። ተመልካቹ ሁለቱ እንደሚታረቁ ያውቃል፤ የማያውቀው በምን እንደሚታረቁና እርቁ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍላቸው ነው። ከዚህ ዘውግ የወደቁ ፊልሞችን አንድ በአንድ ብንመረምር፣ አብዛኞቹ የወደቁት ታሪካቸው ስለታወቀ ሳይሆን ሁለቱን ሰዎች አንድ ላይ ያሰረው ገመድ ልል ስለሆነ ነው የሚል እምነት አለኝ።

የተሳካላቸውን እንመልከት። በ1982 በወጣው «ፎርቲ ኤይት አወርስ» ኒክ ኖልቲ የሚሠራው ፖሊስ፣ ኤዲ መርፊ የሚሠራውን እስረኛ ለ48 ሰዓታት ብቻ ከወህኒ ያወጣዋል፤ እስረኛው ያለ ፖሊሱ ከወህኒ ውጭ መቆየት አይችልም፣ ፖሊሱም ያለ እስረኛው የሚፈልጋቸውን ወንጀለኞች ማግኘት አይችልም። ኒል ሳይመን ጽፎት በ1965 ለመድረክ የበቃውና በ1968 ወደ ፊልም የተለወጠው «ዚ ኦድ ካፕል» ደግሞ ከትዳራቸው የተለያዩ ሁለት ወንዶችን፣ አንዱን እጅግ ንጹሕ ሌላውን እጅግ ዝርክርክ አድርጎ፣ በአንድ የኒው ዮርክ አፓርታማ ውስጥ ያስቀምጣል፤ አንዱ የሚሄድበት የለውም፣ ሌላውም ሊያባርረው ሆዱ አይጨክንም። በ1987 የወጣው «ፕሌንስ፣ ትሬይንስ ኤንድ አውቶሞቢልስ» የሚያስረው በአየሩ ጠባይ ነው። ስቲቭ ማርቲንና ጆን ካንዲ የሚሠሯቸው ሁለት መንገደኞች ለበዓል ከኒው ዮርክ ቺካጎ ለመግባት ሲጣደፉ በረዶው አውሮፕላን ማረፊያውን ያዘጋዋል።

በሦስቱም ውስጥ ማሰሪያው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነው። ስለዚህ አዲስ ጽሑፍ ይዞ ለሚመጣ ወጣት የምናቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ቀልዱ የት አለ?» የሚል አይደለም፤ «በሩ ክፍት ነው፤ ለምን ጥሎት አይሄድም?» የሚል ነው። ለዚህ አጥጋቢ መልስ የሌለው ጽሑፍ ምን ያህል ቢያስቅ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ አይዘልቅም።

ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው ገደማ የሚጣሉት ለምንድን ነው?

እስከዚያ ድረስ ልዩነታቸው መሳቂያ ብቻ ሆኖ ስለቆየ ነው። ፊልሙ በዚያው ቢያልቅ ሁለቱ ተላመዱ እንላለን እንጂ ጓደኛሞች ሆኑ ለማለት አንችልም። ጠቡ የሚመጣው ሲሳቅበት የነበረው ነገር እውነት እንደነበር ለማሳየት ነው።

በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ጠብ ከውጭ የመጣ ነገር አይፈልግም። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ውስጥ አንደኛው ጓደኛ በቆጣቢነቱ ይሳቅበት፤ የሻይ ሒሳብ ሲመጣ ጫማውን ማሰር የሚጀምር ሰው ይሁን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ቀልድ «አባትህ ታሞ እንኳ ሳንቲም ስትቆጥር ነበር» የሚል ንግግር ሆኖ ሲመለስ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ራሱ በዚያ ነገር ሲስቅ ነበር። በሌላ በኩል ጠቡ በስልክ ከተሰማ ግማሽ ንግግር ወይም ከጠፋ ደብዳቤ ሲነሣ፣ ተመልካቹ የሚናደደው በጸሐፊው ላይ ነው።

እርቁን በተመለከተ የእኛና የሆሊውድ ልማድ ይለያያል። እዚያ ጥፋተኛው ብቻውን ሮጦ ይሄዳል፣ ብቻውን ይቅርታ ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ ሁለት የተቀያየሙ ጓደኛሞች ብቻቸውን አይተዉም፤ ሽማግሌ ይገባል፣ የጋራ ወዳጅ ይገባል፣ እናት ትገባለች። የአማርኛ ፊልም ጸሐፊዎች ይህን ትተው የፈረንጁን ሩጫ ለምን እንደሚመርጡ አይገባኝም። ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች የራሳቸውን የሠላሳ ዓመት ቂም አንሥተው ሲነታረኩ፣ ተጣልተው የነበሩት ሁለቱ ልጆች ደግሞ ሽማግሌዎቹን ለማስታረቅ ሲነሡ ማየት የቱን ያህል ያስቃል! ከዚህም በላይ ሁለቱ ሳይታሰብ በአንድ ወገን ስለሚቆሙ፣ እርቁ ያለ ንግግር ተፈጸመ ማለት ነው።

በፈረንጅ ፊልሞች ወንዶች ሲተቃቀፉ የሚያፍሩት ነገር ለእኛ የማያስቀው ለምንድን ነው?

እፍረቱ የእነርሱ እንጂ የእኛ ስላልሆነ ነው። ቀደም ሲል በጠቀስነው የ1987 ፊልም ውስጥ ሁለቱ መንገደኞች በአንድ አልጋ ለማደር ተገደው፣ ጧት ተቃቅፈው ሲነቁ ደንግጠው ከአልጋ ይዘልሉና ድምፃቸውን አጎርንነው ስለ አሜሪካ እግር ኳስ ማውራት ይጀምራሉ። በአገሩ ሰው ዘንድ ይህ የፊልሙ ታላቅ ሳቅ ነው። በድሬዳዋ ግን ሁለት ጎልማሶች በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ዞሮ የሚያያቸው የለም፤ እንግዳ ሲመጣ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ፍራሽ መጋራታቸውም የተለመደ ነው። ስለዚህ በዚህ ትዕይንት ላይ የእኛ ተመልካች የሚስቀው በሰዎቹ ድንጋጤ እንጂ በሁኔታው አይደለም።

ይህ ማለት የእኛ ወንዶች የሚደብቁት የላቸውም ማለት አይደለም፤ የምንደብቀው ሌላ ቦታ ነው። ትከሻ ለትከሻ የሚሳሳሙ፣ ጉንጭ ለጉንጭ የሚጎራረሱ ሁለት ሰዎች «ተቸግሬያለሁ፣ ገንዘብ አበድረኝ» ለመባባል ዓመት ሊፈጅባቸው ይችላል። ሥራ ማጣት፣ በሽታ፣ በትዳር ውስጥ ያለ ችግር፣ «በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ» ማለት፣ እፍረቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን ያጣ ሰው በየጧቱ እንደ ወትሮው ለብሶ ከቤት ሲወጣ፣ ጓደኛው ደግሞ ነገሩን አውቆ እንዳላወቀ ሆኖ በየቀኑ ሳይታወቅበት ሊረዳው ሲሞክር የሚፈጠረው ግርግር፣ ለአገራችን ተመልካች ከአልጋው ትዕይንት እጅግ የበለጠ ሳቅና የበለጠ ሕመም አለው።

የህንድ ፊልሞችስ ከዚህ ዘውግ ይቆጠራሉ?

ብዙዎቹ ድብልቅ ናቸው፤ በአንድ ፊልም ውስጥ ጠብመንጃም ዘፈንም ለቅሶም ሳቅም አለ። ይሁንና ስለ ወንዶች ጓደኝነት ሲነሣ በ1975 የወጣውን የራሜሽ ሲፒን «ሾሌይ» መዝለል አይቻልም። አሚታብ ባችቻንና ዳርሜንድራ የሚሠሯቸው ሁለት ተራ ወንጀለኞች በአንድ የቀድሞ ፖሊስ ተቀጥረው አንዲትን መንደር ከሽፍታ ይጠብቃሉ። ፊልሙን ያላየ ሰው የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ቢዘልለው ይሻላል። አንደኛው ጓደኛ ውሳኔ ሲመጣ ሁሉ ሳንቲም ይጥላል፤ ሲሞት ግን የሳንቲሙ ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት እንደነበር፣ ማለትም ለጓደኛው ሲል ሁልጊዜ ራሱ ይወስን እንደነበር ይታወቃል። በመጀመሪያ እንደ ቀልድ የገባ ዕቃ በመጨረሻ የጓደኝነቱ ማስረጃ ሲሆን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ከላይ ስለ ጠቡ የተባለውም በዚሁ ሥርዓት የሚሠራ ነው።

በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሴቶች የት አሉ?

በአብዛኛው በሩ ላይ ቆመው «የት አመሸህ?» ሲሉ ነው። ይህ የዘውጉ ትልቁ ድክመት ሲሆን፣ ምክንያቱም ስንፍና ነው፤ ጸሐፊው ሁለቱን ወንዶች ለማቀራረብ ሲፈልግ ሚስትን እንቅፋት አድርጎ ማቆም ይቀልለዋል። ሴቶቹን ማዕከል ያደረጉ የሁለት ጓደኛሞች ፊልሞችም ተሠርተዋል፤ በ1991 የወጣው «ቴልማ ኤንድ ሉዊዝ» ከኮሜዲነት ይልቅ ወደ ድራማ ቢያደላም የጥንድነቱን ሥርዓት በሚገባ ይጠቀማል።

ከልጆች ጋር ተቀምጦ ማየት ይቻላልን?

እንደ ዘመኑ ነው። በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ ሥርዓት ከተጀመረበት ከ1968 በፊት የተሠሩትን ያለ ሥጋት ማየት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የወጡት፣ በተለይ ከላይ የጠቀስነው የፖሊሱና የእስረኛው ፊልም፣ ስድብ ይበዛባቸዋል፤ ወላጅ አስቀድሞ ብቻውን ቢያያቸው ይመረጣል።

ታሪኩ በድሬዳዋ ወይም በሐረር ቢሠራ ምን ሊመስል ይችላል?

ባቡር ጣቢያውንና የጀጎልን ግንብ በድሮን አንሥቶ ታሪኩን ግን የትም ሊሆን የሚችል ማድረግ አሁን የተለመደ ሆኗል። ከተማው ወደ ፊልሙ መግባት ያለበት በማሰሪያው በኩል ነው።

ለድሬዳዋ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ሁለት ሰዎች በጋራ ብድር አንድ ባጃጅ ይገዛሉ፤ አንዱ ከንጋት እስከ ቀትር፣ ሌላው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ይነዳል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ስለሚያዘጋ ባጃጁም ይቆማል፤ ሁለቱ የሚገናኙትም በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። የዕለቱ ገቢ የሚቆጠረው፣ የተቧጨረው በር የሚመረመረው፣ «ነዳጁን ማን ጨረሰው?» የሚባለው ያኔ ነው። አንደኛው ከሌላ አገር አዲስ የመጣ ሰው ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል፤ ድሬዎች ታላቅ ሰውን ሳይቀር «አንተ» ሲሉት፣ «እርስዎ» እየተባለ ላደገ ሰው መጀመሪያ ድፍረት፣ ቆይቶ ግን የመቀበል ምልክት ሆኖ ይታየዋል። ከምሳ በኋላ የሚደረገውን በርጫ በተመለከተ ጸሐፊዎች ጥንቃቄ ቢያደርጉ መልካም ነው። ጨዋታው ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚያ እንደሚደራ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር በመቀመጥ ከተነገረ ፊልሙ የሬዲዮ ድራማ ይሆናል።

የመንገድ ታሪክ መሥራት ለሚፈልግ ከድሬዳዋ ሐረር ያለው 55 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አጭር ነው፤ የደንገጎን ዳገት ጨርሰው ጠቡ ገና ሳይበስል ይደርሳሉ። መኪናው ዳገቱ ላይ ካልተበላሸ በቀር ማለት ነው። የተሻለው የባቡሩ ታሪክ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ ስለከበደ እግረ ተራራው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ፈረንሳይኛ ቀላቅሎ የሚናገር ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ በ2016 ከተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ወጣት ሠራተኛ ጋር ተጣምሮ አንድ የጠፋ ዕቃ በሐዲዱ መንገድ ሲፈልግ ማየት የሚጠላ ተመልካች ይኖራል ብዬ አላስብም።

ሐረር ሌላ ዓይነት ማሰሪያ አላት። በሐረሪዎች ዘንድ የሰው ማኅበራዊ ኑሮ በዘመድ፣ በጓደኝነትና በአፎቻ የተያያዘ ነው፤ አፎቻ ለሠርግና ለሐዘን የሚደራጅ ማኅበር ነው፤ የልጅነት ጓደኝነትም ከዚሁ ጎን ትልቅ ቦታ አለው። እንዲህ ባለ ከተማ የሁለት ሰዎች ጠብ የሁለት ሰዎች ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የአንዱ ቤት ሠርግ ሲደርስ ሌላው መቅረትም መምጣትም ይቸግረዋል። በዚያ ላይ በጀጎል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ የማይተላለፉባቸው ጠባብ መንገዶች አሉ፤ የተኳረፉ ሁለት ጓደኛሞች በአንዱ ጫፍና በሌላው ጫፍ ሲገቡ፣ ማን ወደ ኋላ እንደሚመለስ ለማየት ብቻ ሦስት ደቂቃ ያለ ንግግር መቅረጽ ይቻላል።

ገጸ ባሕርያቱ በየትኛው ቋንቋ ይናገሩ?

ሰዎቹ በሚናገሩበት ነው። በሁለቱ ከተሞች አንድ ሰው ከገበያ እስከ ቤቱ ድረስ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪኛ ሊቀያይር ይችላል፤ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ንጹሕ የመጽሐፍ አማርኛ መለወጥ የከተማውን ሳቅ ያደርቀዋል። መጠንቀቅ የሚያሻው በአንድ ነገር ነው፤ ሳቁ በሌላው ሰው አነጋገር ላይ እንዳይሆን። አንዱ የሚያውቀውን ቋንቋ ሌላው አለማወቁ፣ በተለይም የማያውቅ መስሎ ሁሉን ሲሰማ መቆየቱ፣ ማንንም ሳያሳንስ ያስቃል። በጽሑፉ ላይ ንግግሩን እንደሚነገረው አስፍሮ፣ ተዋንያኑ ራሳቸው በሚያውቁት ቋንቋ እንዲያስተካክሉት መፍቀድ ይበጃል።

ትርጉም ፊልም ማየት ይሻላል ወይስ የመጀመሪያውን? ከየትኛውስ ልጀምር?

በአማርኛ የሚተረክ ትርጉም ፊልም ታሪኩን ለመከተል ይጠቅማል፤ ይሁንና ተራኪው የራሱን ቀልድ ስለሚጨምር የኮስታራው ዝምታ ይሸፈናል፣ በዚህ ዘውግ ደግሞ ዝምታው ግማሹ ሥራ ነው። ስለዚህ ለመጻፍ የሚያጠና ሰው የመጀመሪያውን ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ቢያይ ይመከራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በሎሬልና ሃርዲ አጫጭር ፊልሞች ይጀምር፤ ንግግሩ ጥቂት በመሆኑ እንግሊዝኛ የማያውቅም ይከተለዋል። ቀጥሎ የ1968ቱን የሁለቱን ወንደላጤዎች ፊልም፣ ከዚያ የ1987ቱን የመንገድ ታሪክ ይመልከት፤ የመጨረሻውን ሲያይ በየትኛው ደቂቃ ላይ መለያየት ይችሉ እንደነበርና ለምን እንዳልተለያዩ በማስታወሻ እየያዘ ቢሆን መልካም ነው።